በረዶ ስንል የትኛውን በረዶ ማለታችን ነው?

ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጭማቂ ውስጥ የምትጨምሩት በረዶ ነው። በክረምት የቆርቆሮውን ጣሪያ እንደ ጠጠር የሚደበድበውም በረዶ ነው። በፈረንጅ ፊልም ላይ ድምፅ ሳያሰማ እየተንሳፈፈ የሚወርደው፣ ልጆች ሰው ሠርተውበት አፍንጫው ላይ ካሮት የሚሰኩበት ነጭ ነገርም በረዶ ነው። ሦስቱ በአፈጣጠራቸውም፣ በአወራረዳቸውም፣ በሚያደርሱት ጉዳትም ይለያያሉ። አማርኛ ግን ሦስቱንም «በረዶ» ብሎ ይጠራቸዋል።

ታዲያ ቃሉ በመጀመሪያ የየትኛው ስም ነበር? ልዩነቱስ ለማን ምን ይፈይዳል? ይህን ለመመለስ እስቲ ወደ በየዳ እንሂድ። በየዳ በሰሜን ጎንደር ዞን፣ ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ በስሜን ተራሮች ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ደጀን የሚገኘው እዚሁ ነው። ከፍታው 4,550 ሜትር ያህል ነው። በዚህ አገር ሦስቱም የበረዶ ዓይነቶች አሉ፤ ለዚያ ሁሉ የቀረበው ስም ግን አንድ ብቻ ነው።

የቃሉ ቤተሰብ

«በረዶ» ብቻውን የቆመ ቃል አይደለም። ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፦ በ-ረ-ደ። ከዚህ ሥር ምን ምን እንደሚወጣ ተመልከቱ። ሲበርዳችሁ «በረደኝ» ትላላችሁ። የሚሰማችሁ «ብርድ» ነው፤ የምትለብሱት ደግሞ «ብርድ ልብስ»። ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲሻለው እናቱ «ተመስገን፣ ትኩሳቱ በረድ አለለት» ትላለች። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ነገሩ ሲረጋጋ «ጠቡ በረደ» እንላለን፤ የሚያስታርቀው ሽማግሌም ጠቡን «ያበርዳል»። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ሙቀት መቀነስ።

ሻይ የሚፈላበት «በራድ» እንኳ የዚህ ሥር ዘመድ ነው። ቃሉን የተዋስነው ከአረብኛ ሲሆን፣ እዚያ በአንዳንዱ አገር የሻይ ዕቃ፣ በሌላው አገር ደግሞ ማቀዝቀዣ ማለት ነው። ከማቀዝቀዝ ሥር የወጣ ቃል እኛ ቤት ሄዶ እሳት ላይ ተጣደ!

በግዕዝ ቃሉ «በረድ» ነው፤ በትግርኛም እንዲሁ «በረድ» ይባላል። አማርኛ ጫፉ ላይ «ኦ» የሚል ድምፅ ጨምሮ «በረዶ» አደረገው። ቀይ ባሕርን ስንሻገር ዘመዶቹን እናገኛለን። በአረብኛ «በረድ»፣ በዕብራይስጥም «ባራድ» አለ። ነገር ግን እዚያ አንድ ልዩነት አለ። በአረብኛም ሆነ በዕብራይስጥ ይህ ቃል የሚያገለግለው ከሰማይ እንደ ጠጠር ለሚወርደው በረዶ ብቻ ነው። እንደ ጥጥ ለሚወርደው ሌላ ስም አላቸው፦ በአረብኛ «ሠልጅ»፣ በዕብራይስጥ «ሼሌግ»። ሁለቱም ቃላት እርስ በርስ ዘመድ ናቸው፤ ለአማርኛ ግን ያ ሁለተኛው ቃል አልደረሰውም።

እንግዲህ «በረድ» በዘመዶቹ ሁሉ ዘንድ የጠጠሩ በረዶ ስም ከሆነ፣ የጥንቱ ትርጉምም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አማርኛ ይህን ቃል አሰፋው፦ ከጠጠሩ ወደ ጥጡ፣ ከጥጡም ወደ ፍሪጁ።

ሌላ ስም አልነበረንም እንዴ?

ነበረን፤ አሁንም አለን። በግዕዝ «ሐመዳ» የሚባል ቃል አለ፤ እንደ ዱቄት የሚነጣውን በረዶና የሌሊቱን ነጭ ቅዝቃዜ ይጠራል። ከዚህ ቃል የአማርኛው «አመዳይ» መጣ። አማርኛ የግዕዙን የጉሮሮ «ሐ» ወደ «አ» ስለሚለውጥ ነው እንዲህ የሆነው። «ሐመድ» የሚለው የግዕዝ ቃልም በዚሁ መንገድ «አመድ» ሆኗል። የሁለቱ ፊደላት አንድ ዓይነት መሆናቸውን አያችሁ? ስስ በረዶ ያደረበትን ሣር በማለዳ ያየ ሰው አንድ ሰው አመድ የበተነበት ሊመስለው ይችላል።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በሁለቱ ቃላት መካከል ሲመላለሱ ይታያሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 9 የግብፅን ሰብል ያደቀቀው መቅሠፍት «በረዶ» ተብሏል፤ የዕብራይስጡ ቃል «ባራድ» ነው፤ ትክክለኛ ጥንድ ናቸው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 የነጣ ነገር ምሳሌ ሆኖ የቀረበው ግን «አመዳይ» ነው፤ በዕብራይስጡ «ሼሌግ»። እስካሁን ደህና ነው። ዳዊት ንስሐ በሚገባበት መዝሙር ላይ ስንደርስ ግን ዕብራይስጡ ያው «ሼሌግ» ሆኖ ሳለ አማርኛው «በረዶ» ይላል፤ የግዕዙም መዝሙር «በረድ» ነው የሚለው። ቃሉ መስፋት የጀመረው ታዲያ ትናንት አይደለም።

ዛሬ «አመዳይ» በጽሑፍ እንጂ በንግግር ብዙም አይሰማም። አንድ ሌላ ዘመድ ግን በደጋው አገር አፍ ላይ ሕያው ነው፦ «ውርጭ»። ውርጭ ከሰማይ አይወርድም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ መሆኑ ቀርቶ ሣሩ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ይህ ቃል ለአየሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ለቦታም ስም ሆኗል። አገራችንን በከፍታ ስንከፍል በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንልና፣ ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን «ውርጭ» እንለዋለን። ብዙው የበየዳ ደጋማ ክፍል እዚህ ይገባል።

ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን

አሁን ወደ ሳይንሱ እንምጣ። ለምን በአንዱ ቦታ ጠጠር፣ በሌላው ጥጥ ይወርዳል?

ጠጠሩን በረዶ የሚሠራው ወደ ላይ እንደ ግንብ የተቆለለ፣ መብረቅና ነጎድጓድ የሚያመጣ ደመና ነው። በዚህ ደመና ውስጥ ሞቃት አየር በኃይል ወደ ላይ ይነፍሳል። የውሃ ጠብታዎች ከዜሮ ዲግሪ በታች ወዳለው ከፍታ ይወሰዳሉ፤ የሚገርመው ግን ብዙዎቹ ወዲያው አይረጉም። ከዜሮ በታች ቀዝቅዘውም ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። አንዲት ትንሽ የረጋች ቅንጣት ስትነካቸው ግን እላይዋ ላይ ይጋገራሉ። ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ቅንጣቷን ተሸክሞ ሊያቆያት እስከቻለ ድረስ እየወፈረች ትሄዳለች። ሲከብዳት ትወድቃለች። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የበረዶ ጠጠር በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ እየሮጠች ነው መሬት የምትመታው።

ጥጥ የሚመስለው በረዶ አፈጣጠሩ ሌላ ነው። በደመናው ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ይለወጥና ስድስት ማዕዘን ያለው ቀጭን ቅርፅ ይሠራል። ለምን ስድስት? የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ እርስ በርስ የሚያያዙት ስድስት ጎን እየሠሩ ስለሆነ ነው። ይህ ቅንጣት ቀላልና ሰፊ ስለሆነ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። ከጠጠሩ ጋር ስታነጻጽሩት ፍጥነቱ አንድ አሥረኛ ነው።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ አለ። ጥጥ መሳዩ ቅንጣት በመንገዱ ቀዝቃዛ ጠብታዎች እየተለጠፉበት ይወፍርና ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሰሊጥ ወይም እንደ ሽምብራ ያለ ድቡልቡል ይሆናል። በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ረጃጅም ተራሮች ላይ የተለመደ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ከእነዚህ የትኛው ነው መሬት የሚደርሰው? መልሱ የቆማችሁበት ከፍታ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ወለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚወርድ ማንኛውም በረዶ መቅለጥ ይጀምራል።

መተማ ላይ ቆማችኋል እንበል፤ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በረዶው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሞቃት አየር አቋርጦ ነው እናንተ ጋ መድረስ ያለበት። ጥጡ ገና ከላይ ውሃ ይሆናል፤ ትንንሾቹ ጠጠሮችም አብዛኛውን ጊዜ ቀልጠው ዝናብ ሆነው ይወርዳሉ።

ደባርቅ ከተማ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ መንገዱ ወደ 2,000 ሜትር ያጥራል። ጥጡ አሁንም ይቀልጣል፤ ጠጠሩ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስለሚደርስ ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። የደጋ ሰው ጠጠር በረዶን ከቆላው ሰው ይልቅ አብልጦ የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። በኬንያ ደጋ ላይ በሻይ እርሻዋ የምትታወቀው ኬሪቾ በዓለም ላይ በረዶ በብዛት ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ እሷም የምድር ወገብ አጠገብ ሆና ነው።

ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ስትደርሱ ደግሞ መንገዱ ያልቃል። ዜሮ ዲግሪው እግራችሁ ሥር ወይም ራሳችሁ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ጥጡም ሳይቀልጥ መሬት ይነካል። እስቲ እንቁጠረው፦ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ የ1,700 ሜትር ልዩነት አለ፤ ይህ 11 ዲግሪ ያህል ነው። ደባርቅ ላይ በዝናባማ ሌሊት 10 ዲግሪ ቢሆን፣ ተራራው ጫፍ ላይ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ደመና፣ ደባርቅ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ራስ ደጀን ነጭ ሊለብስ ይችላል። ፀሐይ ስትወጣ ግን አየሩ ይሞቅና ነጩ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል።

ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዓለም በቀዘቀዘችበት ዘመን፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በራስ ደጀንና በቧሂት ተራሮች ላይ ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር። ግግሩ እየገፋ ያከማቻቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም እዚያው አሉ።

አየን፣ አላየንም

የከፍታን ነገር አለማወቅ ለብዙ ዘመን ክርክር ፈጥሯል። በ6ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ያገኘውን በግሪክኛ የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ያኔም አሮጌ ነበር። በውስጡ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስላደረገው ዘመቻ ይናገራል፤ ስሙ ግን ከጽሑፉ ላይ ጠፍቷል። ንጉሡ ከዘመተባቸው አገሮች አንዱ ስሜን ነው። አገሩ በበረዶ የተሸፈነ፣ ለመውጣት የሚያስቸግር ተራራ መሆኑን፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ መሆኑን ይገልጻል። ግሪክኛ የጥጡን በረዶ ከጠጠሩ ስለሚለይ፣ የተባለው የትኛው እንደሆነ እናውቃለን፦ ጥጡ ነው።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጄሮኒሞ ሎቦም በስሜን በረዶ እንዳለ ጻፈ። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በዚያ በረዶ አላየሁም አለ። ከዚያ ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ መጣና በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ በረዶውን በዓይኑ እንዳየ መሰከረ። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። ብሩስ ወደ ጎንደር ያለፈው በሊማሊሞ በኩል ነው፤ ከጫፎቹ እጅግ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። እላይ ያለውን ለማየት እላይ መውጣት ነበረበት፤ ያውም በማለዳ።

ለገበሬው ልዩነቱ ምንድን ነው?

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃን ነበር። በበየዳ ግን ኑሮ ገብስ ነው። ከፍ ባለው መሬት ላይ ከገብስ ሌላ የሚበቅለው ጥቂት ነው። ገብሱ ባሸተበት ወቅት ጠጠር በረዶ ቢመጣ የዓመቱ ቀለብ በሩብ ሰዓት ውስጥ መሬት ሊሆን ይችላል፤ አገዳው ይሰበራል፣ ፍሬው ይረግፋል። ጥጥ በረዶ ቢጥል ደግሞ ሰብሉን ያጎነብሰው ይሆናል እንጂ እንደ ጠጠሩ አይቀጠቅጠውም፤ ሲቀልጥም ውሃው ወደ አፈሩ ይገባል። ውርጭ ከሁለቱም ይለያል። በዝምታ መጥቶ በተክሉ ውስጥ ያለውን ውሃ ያረጋዋል፤ አበባው ላይ ከደረሰበት ፍሬው ባዶ ይቀራል። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው።

መከላከያውም እንዲሁ ይለያያል። ለውርጭ ቶሎ የሚደርስ ዘር መምረጥና ውርጩ ሳይመጣ ማጨድ ይረዳል። ለጠጠር በረዶ ግን አንዱ ሰብል ቢመታ ሌላው እንዲተርፍ ማሳን በተለያየ ቦታ መያዝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ጠጠር በረዶ ብዙ ጊዜ አንዱን ሰፈር መትቶ ጎረቤቱን ይዘለዋል። ስለዚህ «በረዶ ጎዳን» የሚል ሪፖርት ብቻውን በቂ አይደለም። የአየር ትንበያ የሚሠራው ባለሙያም፣ ዘር የሚያከፋፍለው ባለሙያም «የትኛው በረዶ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ተናጋሪው መልሱን ብዙ ጊዜ በግሱ ውስጥ አስቀምጦታል። «ሰብሉን በረዶ መታው» ካላችሁ ጠጠሩ ነው፤ ጥጥ አይመታም። «ተራራው በረዶ ለበሰ» ካላችሁ ጥጡ ሳይሆን አይቀርም። «ውሃው በረዶ ሆነ» ካላችሁ የረጋው ነው። «ውርጭ ፈጀው» ካላችሁ ደግሞ ሌሊት የሆነ ነገር ነው። ስሙ ቅዝቃዜውን ይነግራችኋል፤ ግሱ ዓይነቱን። በአማርኛ ስለ አየር ጠባይ ስትጽፉ ግሱን በጥንቃቄ ምረጡ፤ ካስፈለገም «ጠጠር በረዶ»፣ «አመዳይ»፣ «ውርጭ» እያላችሁ ለዩ። ቃላቱ በእጃችን አሉ።

በዓይናችሁ ለዩት

የተራራ ነጭ ፎቶ በስልክ ሲደርሳችሁ ወይም ደጃችሁ ላይ በረዶ ሲጥል እነዚህን ጠይቁ።

በመጀመሪያ ድምፁን። ቆርቆሮውን ከደበደበው ጠጠር ነው፤ ጥጥ ድምፅ የለውም። ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ ነበረ ወይ? ከነበረ ወደ ጠጠሩ ያደላል። ሦስተኛ፣ አንዱን አንሥታችሁ በጣታችሁ ተጫኑት። ከፈረሰ ለስላሳው ድቡልቡል ነው፤ ካልፈረሰ እውነተኛው ጠጠር። በፎቶ ላይ ከሆነ ደግሞ ጠርዙን ተመልከቱ፦ ጠጠር እንደ ፈሰሰ እህል ጥግ ጥጉ ላይ ይከማቻል፣ በጎርፍም ይገፋል፤ ጥጥ ግን ድንጋዩንም ጅብራውንም እኩል ያለብሳል።

ትልቅ ጠጠር ካገኛችሁ በቢላዋ ለሁለት ክፈሉት። እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ሆኖ ታዩታላችሁ። ነጩ ሽፋን በፍጥነት የረጋ፣ የአየር አረፋ የታሰረበት ነው፤ መስታወት የሚመስለው ደግሞ ቀስ ብሎ የረጋ፣ አረፋው ያመለጠበት። ጠጠሩ በደመናው ውስጥ ያለፈበት መንገድ እዚያ ላይ ተጽፏል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ጠጠሩን ለመልቀም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ። ጠጠር በረዶ የሚያመጣው ደመና መብረቅም የሚያመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሜዳ ላይ መቆምም ሆነ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ከብት ጥበቃ ላይ ከሆናችሁ ከዛፉ ይልቅ ቤት ፈልጉ፤ ቤት ከሌለ ከኮረብታው ጫፍ ወርዳችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ያዙ። ነጎድጓዱ ከቆመ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ወጥታችሁ ልቀሙ፤ በደጋው አየር ትልልቆቹ ያኔም ሳይቀልጡ ይጠብቋችኋል።